ጤነኛ የተባለው ሽንት

ጤነኛው ሽንት ታሞ ተገኘ።

መጀመሪያ ያየችው በረዶ ናት። በረዶ ትክክለኛ ስሟ አይደለም፤ የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው። ናሙና ይዞ የላቦራቶሪውን በር የሚገፋ ሰው ሁሉ ከሰላምታ በፊት “በረዶ ላይ! በረዶ ላይ አድርጉት!” የሚል ጩኸት ይቀበለዋል። ሽንት ከሞቀ ውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች እየተቆራረጡ ያልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚያነበው ፍርስራሽ ነው። ስሙ ሲወጣላት መጀመሪያ ተቆጣች። ኋላ ግን ራሷ ስልክ ስታነሳ “በረዶ ነኝ” ማለት ጀመረች።

ዕድሜዋ ከአርባ ትንሽ አለፍ ብሏል። ባሏ የሂሳብ አስተማሪ ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ እናቷም አብረዋት ይኖራሉ። ወደዚህ የምርምር ላቦራቶሪ የመጣችው በቤተሰቧ ውስጥ በኩላሊት የሞተ ሰው ኖሮ አይደለም፤ የሆስፒታል ፈረቃ ሰልችቷት ነው። ሥራ የጀመረች ዕለት እናቷ “ለመሆኑ ምን አሠሩሽ?” ብለው ጠየቋት።

“ሽንት” አለች።

“ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ? ይሄንንማ ልጆችሽ በነፃ ይሰጡሽ ነበር።”

ላቦራቶሪው የሚፈልገው ኩላሊት መድከም ሲጀምር፣ ሰውየው ገና ምንም ሳይሰማው፣ በሽንቱ ውስጥ ብቅ የሚል ፕሮቲን ነው። ለዚህም የታማሚዎች ሽንት ከጤነኞች ሽንት ጋር ይነጻጸራል። በታማሚው በዝቶ በጤነኛው የሌለ ነገር ከተገኘ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁሉ ነገር የቆመው በጤነኛው ላይ ነው። ጤነኛው ከተበላሸ የተሠራው ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው።

ጤነኞቹ እነሱው ራሳቸው ነበሩ። ከአምስት ወር በፊት ዶክተሩ፣ ማለትም የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ “ከውጭ ሰው ከመለመን ከራሳችን እንጀምር” አለ። ስምንት ሰው ተስማማ፤ አምስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ነገር ግን ሁሉም አፈሩ። አብሮህ ምሳ የሚበላ ሰው ሽንትህን ሲመረምር ደስ አይልም። ዶክተሩም ቃል ገባ፤ ስም አይጻፍም፣ ማንም የማንን አያውቅም። ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ባለ ቀለም ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች በሳህን ተቀመጡ። እያንዳንዱ ሰው የፈለገውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ወሰደ፤ ጠዋት ሞልቶ በበረዶ ከረጢት አመጣና መስኮቱ ላይ ትቶ ሄደ። በረዶ በሙከራ ወረቀት አየቻቸው፤ ሁሉም ንጹሕ ነበሩ። ያን ዕለት ዶክተሩ በኮሪደሩ እያለፈ “እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሁላችሁም ጤነኞች ናችሁ” ብሎ ቀልዷል። ከየጠርሙሱ ጥቂት ጥቂት በትንንሽ ቱቦ ለብቻ ተቀመጠ፤ የቀረው ተቀላቅሎ “ጤነኛ” ተባለና ጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ።

አሁን ያ ድብልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በማሽኑ አለፈ። በስክሪኑ ላይ አንድ ፕሮቲን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ተገትሮ ቆሟል።

“ማሽኑ ቆሽሿል” አለ ዶክተሩ። ፊቱን እንኳ አላዞረም።

“ሁለቴ አጥቤዋለሁ።”

“ሦስተኛ እጠቢው።”

አጠበችው። ንጹሕ ውኃ አሳለፈችበት፤ ባዶ ሆነ። ድብልቁን መለሰችው፤ ያው ፕሮቲን ያው ቦታ ላይ ቆመ። ዶክተሩ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ። ረጅም ሰው ነው፤ ሲያስብ ጉልበቱን ያርገበግባል። አሁን ጉልበቱ አይንቀሳቀስም።

“ትንንሾቹን ቱቦዎች አውጪልኝ” አለ።

ስምንቱን ለየብቻቸው አዘጋጅታ አሳለፈቻቸው። ሰባቱ ዝም አሉ። ባለ ቢጫ ክዳኑ ጮኸ።

ዶክተሩ ያነበበውን ቀስ ብሎ አስረዳት። ሰውነት በሽታን የሚከላከልባቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ የሚሠሯቸው መቅኔ ውስጥ ያሉ ሴሎች ናቸው። ከነዚያ ፕሮቲኖች ትንንሽ ቁራጮች በጤነኛ ሰው ሽንትም ይገኛሉ፤ ግን የብዙ ዓይነት ቅልቅል ሆነው፣ በጥቂቱ። እዚህ ቱቦ ውስጥ ያለው ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ጎርፍ። መቅኔ ውስጥ አንድ ሴል አምፆ ራሱን ሲያባዛ እንዲህ ይሆናል።

“ካንሰር?” አለች በረዶ።

“የመቅኔ ካንሰር ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። አጥንት ይቦረቡራል። ቁራጮቹ ኩላሊት ውስጥ እየተጠራቀሙ መውጫውን ይደፍኑታል። ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል። ካልተደረሰበት…” ትከሻውን ሰበቀ።

“ወረቀቱ ንጹሕ ነው ብሎኝ ነበር።”

“ወረቀቱ የሚያየው ሌላ ፕሮቲን ነው። ይሄን አያየውም። እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ረስተነው ነው።”

ከግድግዳው ወዲያ ማቀዝቀዣዎቹ ያጓራሉ። በረዶ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ቀን ሳህኑ ውስጥ እጇን ስታስገባ ያነሣችው ክዳን ሰማያዊ ይሁን ቢጫ አታስታውስም።

ዶክተሩ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አስኬደ። “አንድ ነገር ደግሞ አለ። የወንድ ሽንት ከፕሮስቴት የሚመጣ ፕሮቲን አይለየውም። እዚህ የለም። የሴት ነው።”

ሴቶቹ ሦስት ናቸው፤ ጸሐፊዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና በረዶ።

ዶክተሩ ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ቃል ገብቷል። ማንም የማንን አያውቅም ብሏል። ደግሞም ዓርብ የመጀመሪያው ውጤት አብሯቸው ለሚሠራው ሌላ ላቦራቶሪ መላክ አለበት። “ቢጫውን ጥለን በሰባቱ መቀጠል እንችላለን” አለ።

“እንጥለውና ሴትዮዋስ?” አለች በረዶ።

“ጥለነው ዝም እንበል አላልኩም።”

“ታዲያ ምን አሉ?”

“እያሰብኩ ነው። ጥሪያቸው።”

*

ጸሐፊዋ ነገሩ ሲነገራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ወንበር ፈለገች። “ሦስታችን ሴቶች ብቻ? ወንዶቹስ ቅዱሳን ናቸው?” አለች። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏት፣ ጓንቷን ሳታወልቅ ቆማ ሰማች።

“እትዬ፣ ወገብሽን ያምሽ የለ?” አለች ጸሐፊዋ።

“ምን ለማለት ነው?”

“ዶክተር አጥንት ያማል አለ ብዬ ነው።”

“የኔን ወገብ የሰበረው የእናንተ ወለል ነው። እናንተ ስታፈሱ እኔ ሳጎነብስ። ካንሰርሽን ለራስሽ ያዢ!”

“እኔ እኮ አስቤልሽ ነው…”

“አታስቢልኝ፣ እቴ። ስጪኝ ጠርሙሱን።” እትዬ ቀድማ ገባች።

ሦስቱም ሰጡ። በረዶ የራሷን ጨምራ አዘጋጀቻቸው፤ አጣራች፣ ፕሮቲኖቹን ማሽኑ በሚያነበው ልክ የሚቆርጠውን ኢንዛይም ጨመረች፣ እስኪቆራረጡ እስከ ማግስቱ በሙቀት ሣጥኑ ውስጥ ተወቻቸው። ቤት ገብታ እራት ላይ ለባሏ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ትንሿ ልጅ የቤት ሥራ ስታሳያት ቁጥሮቹን አንብባ አልገባትም። እናቷ “ምን ነካሽ?” ሲሏት “ራሴን አሞኝ ነው” አለች፤ ወዲያው ደግሞ አሞኝ ማለቷ ራሷን አስደነገጣት።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ያሳለፈችው የራሷን ነው። ማንም ቀድሞ እንዲያየው አልፈለገችም። መስመሩ በስክሪኑ ላይ እየተሳበ መጣ፤ ያ ፕሮቲን ወደሚቆምበት ቦታ ደረሰ፤ አለፈ። ሜዳ።

እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። ደስ አላት። ደስታው ብዙ አልቆየም፤ የሷ ካልሆነ ከሁለቱ የአንዷ መሆኑ ነው።

የእትዬን አሳለፈች። ሜዳ።

ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆማለች። ከንፈሯ ላይ የተቀባችው ቀለም ተበልቶ አልቋል። “የኔ ነዋ” አለች።

“ገና ነው።”

“እትዬ ካልሆነች፣ አንቺ ካልሆንሽ፣ የኔ ነዋ! ሒሳብ አልችልም መሰለሽ?”

“ዝም በይና ቁጭ በይ።”

መስመሩ መጣ። ደረሰ። አለፈ። ሜዳ።

ጸሐፊዋ በረዶን አቅፋ ጮኸች። ከኮሪደሩ መጨረሻ እትዬ “ማን ሞተ?” ብላ ከነመወልወያዋ ሮጣ መጣች። ዶክተሩ ግን ውጤቶቹን አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

“ቢጫውን እኛ ራሳችን አበላሽተነዋል ማለት ነው” አለ። “ሲቀዳ የታማሚ ሽንት ተቀላቅሎበታል።”

“የታማሚዎቹ ክዳን ነጭ ነው። ያን ቀን ነጭ ክዳን ከማቀዝቀዣው አልወጣም። እኔ ነኝ የቀዳሁት።”

“ታዲያ ከሰማይ ወረደ?”

ዶክተሩ ቢጫው ከድብልቁ እንዲወጣና በሰባቱ እንዲቀጥሉ ወሰነ። አልጮኸባትም። ባለ ቢጫ ክዳኑን ቱቦ ግን አላስጣላትም፤ “አስቀምጪው፣ ከዓርብ በኋላ እናየዋለን” አላት።

በረዶ ከሰዓቱን ሙሉ ድብልቁን እንደ አዲስ ስታዘጋጅ አንድ ሐሳብ ከጭንቅላቷ አልወጣ አለ። ቱቦው የሴት ነው። የላቦራቶሪው ሴቶች አይደሉም። እንግዲያው አንድ ወንድ የራሱ ያልሆነ ጠርሙስ አምጥቷል።

ሞኝ ሐሳብ መሰላት። ምን ብሎ? ሽንትም ይሰረቃል? ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሆስፒታል ሳለች ለሥራ ቅጥር ከሚመረመሩት ውስጥ የወንድሙን ሽንት በኪሱ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም ነበር። እንዲህ የሚያደርገው የራሱን የሚፈራ ሰው ነው።

ማነው የሚፈራ? ዶክተሩ አይደለም፤ ደሙን ራሱ በየጊዜው ያስመረምራል። ጥበቃው ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ የሴት ጠርሙስ ከየት ያመጣል? ሁለቱ ወጣት ተመራማሪዎች እዚሁ ግቢ ውስጥ ከወንድ ጓደኞቻቸው ጋር ይኖራሉ። የቀረው ኮረኮንች ነው።

ኮረኮንች የላቦራቶሪው ሾፌር ነው። ስሙ የወጣለት አስፋልት ላይ ጠጠር ባየ ቁጥር ስለሚያማርር ነው። ከየጤና ጣቢያው ናሙና ሲሰበስቡ አብራው ትሄዳለች። ከመቀመጫው አጠገብ ትልቅ የውኃ ጠርሙስ አይጠፋም፤ ሁለት ከተማ ሳያልፉ ባዶ ይሆናል። ነዳጅ ማደያ ባየ ቁጥር ይቆማል። “ራዲያተሩ ውኃ ጠምቶታል” ይላል፤ ግን ወርዶ የሚሄደው ወደ ሽንት ቤት ነው። ዓመት ሙሉ በዚህ ስትስቅበት ኖራለች።

*

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ለናሙና ወጡ። ከከተማው እስኪርቁ ድረስ ጠበቀች።

“ኮረኮንች፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።”

“ስለ ፍጥነት ካልሆነ ጠይቂ።”

“ያን ጊዜ ያመጣኸው ሽንት የማን ነው?”

መኪናው ትንሽ ዋለለ። “የማን ሊሆን ነው? የበሬ?”

“የሴት ነው።”

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከልኩ በላይ ረዘመ። “እናንተ ሰዎች አበዳችሁ። ሽንት ደግሞ ቀሚስ ይለብሳል?”

“ወንድ ውስጡ ያለች እጢ የምታመነጨው ፕሮቲን አለ። ሴት የላትም። ባንተ ጠርሙስ ውስጥ የለም።”

ዋሸችው። የትኛው ክዳን የሱ እንደሆነ አታውቅም። ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም።

“ለዶክተሩ ልትነግሪ ነው?” አለ። ድምፁ ተቀይሯል።

“እኔ የምፈልገው አንተን አይደለም። የጠርሙሱን ባለቤት ነው።”

ኮረኮንች ፍሬን ያዘ። ነዳጅ ማደያ የለም፤ ሜዳ ላይ ነው። ሞተሩን አጠፋ።

“ምን አላት?”

በረዶ ከዚህ ቃል በኋላ ሌላ ማረጋገጫ አላስፈለጋትም። የምታውቀውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው፤ መቅኔ፣ አጥንት፣ ኩላሊት። ገና ምልክት እንጂ እርግጠኛ ምርመራ እንዳልሆነ። ጠርሙሱ ከተሞላ አምስት ወር እንዳለፈ።

“ባለቤቴ ናት” አለ። “ስኳር አለብኝ። ፋርማሲ ጣቴን ወግተው ነገሩኝ። ሾፌር ስኳር አለበት ከተባለ ማን መኪና ይሰጠዋል? ማሽናችሁ ያየዋል ብዬ ፈራሁ። እምቢ ብል ደግሞ ለምን እምቢ አለ ትላላችሁ። እሷ ግን ታማ አታውቅም። በሕይወቷ አንድ ኪኒን አልዋጠችም። ከሷ የበለጠ ጤነኛ ከየት አምጥቼ ልስጣችሁ?”

“ዛሬውኑ ውሰዳት።”

“ዛሬ እነግራታለሁ። እኔው ራሴ። አንቺ አትግቢበት፣ በናትሽ።”

“ዛሬ።”

“ዛሬ አልኩ እኮ!”

በማግስቱ ኮረኮንች ሥራ አልገባም። ስልኩ ዝግ ነው። ጸሐፊዋ “ፈቃድ ጠይቋል፤ ባለቤቱን ሐኪም ቤት ሊወስድ ይሆናል” ስትል በረዶ ልቧ አረፈ። እትዬ ግን ባልዲዋን አስቀምጣ “የምን ሐኪም ቤት? አሁን ስመጣ ሚስቱ ሱቋ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናዋን እያስነካችው ነው። የኔን ጋዎን እንኳ ለከሰዓት ቀጥራኛለች” አለች።

በረዶ ጋዎኗን አውልቃ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ዶክተሩን አገኘችው። ዓርብ ነው፤ ውጤቱ ገና አልተላከም።

“ወዴት?”

“ቢጫውን አግኝቼዋለሁ።”

ማን ነው አላላትም። ትንሽ አሰበና “ኩላሊት ክፍል ላለችው ሐኪም ጓደኛዬ እደውልላታለሁ። በቀጥታ ወደ እሷ ውሰጃት” አለ።

*

የኮረኮንች ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ ጋዎን የሚያስጠግነው እሷ ዘንድ ነው። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ ይቆማል። ስፌት መኪናው ፊት ሁለት ትራስ ደራርባ ተቀምጣለች፤ ወገቧን በሰፊ ጨርቅ ጠፍንጋዋለች። በረዶ ካየቻት ቆይታለች። ጉንጯ ገብቷል።

“ውይ በረዶ! ዛሬ ደግሞ ምን ቀደድሽ?”

“ምንም። ወገብሽን ምን ሆነሽ ነው?”

“ወንበሩ ነዋ። ይሄ ወንበር ሳይገድለኝ አይቀርም። ቁጭ በይ።”

በረዶ አልተቀመጠችም። “ድካምስ?”

“ማን የማይደክመው አለ?”

“ሽንትሽስ? አረፋ ያበዛል?”

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አነሣች። “አንቺ ሴት፣ ሽንት ቤት ነው እንዴ የምትኖሪው? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ?” ሳቋ ግን በመሀል ተቋረጠ። “ያበዛል። ምነው?”

በረዶ ቀና ስትል በመስታወቱ አሻግራ መንገዱ ዳር የቆመችውን የላቦራቶሪውን መኪና አየች። ኮረኮንች መሪው ላይ እጁን ጭኖ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው፤ ከመኪናው አልወረደም። ዓይን ለዓይን ተያዩ። በረዶ በእጇ ጠራችው። አልተነቃነቀም። በሩን ከፍታ “ና!” አለች። የሚያልፉ ሰዎች ዞረው አዩ። ያኔ ወረደ።

ገብቶ በሩ ላይ ቆመ።

“ምንድን ነው? ሁለታችሁ ምን ሆናችኋል?” አለች ሚስቱ።

“ያን ጊዜ…” አለ ኮረኮንች፤ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። “ያን ጊዜ ለቢሮ ያልኩሽ ጠርሙስ…”

“የቤተሰብ ምርመራ ያልከኝ?”

“የቤተሰብ ምርመራ አልነበረም። የኔን ነበር የፈለጉት።”

“ታዲያ?”

“ያንቺን በኔ ቦታ ሰጠሁ።”

ሚስቱ ወደ በረዶ ዞረች። በረዶ የቀረውን ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ከጨርቁ ነቅላ ትራሱ ላይ ሰካችው። የተናገረችው ለባሏ ነው፤ ድምፅዋን አላነሣችም።

“ያን ሳምንት ወገቤን ሲጠዘጥዘኝ ጤና ጣቢያ ልሂድ አላልኩህም?”

“ብለሻል።”

“አንተ ምን አልከኝ?”

ባሏ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

“ተናገር እንጂ! እሷም ትስማው። ምን አልከኝ?”

“በትልቁ ማሽን አይተውሻል፣ ምንም የለብሽም፣ ጤነኛ ናት ብለዋል አልኩሽ።”

“አምስት ወር!” አለች። “ቅባት ስቀባ፣ ትራስ ስደራርብ። ጎረቤቶቼ ታከሚ ሲሉኝ፣ እኔ ተመርምሬያለሁ፣ ባሌ ሐኪሞቹ ጋ ነው የሚሠራው እያልኩ! ማታስ? ትናንት ማታ አብረን እራት በልተን፣ ምንም ሳትለኝ ተኛህ?”

“ልነግርሽ ነበር።”

“መቼ? ስቀበር?”

በረዶ መካከላቸው ገባች። “ጠቡ ይደርሳል። ሐኪሟ እየጠበቀችን ነው።”

“እሱ ይነዳል?” አለች ሚስትየዋ።

“ሌላ መኪና ልፈልግ?”

“ግዴለም፣ ይንዳ። ዓይኔ እያየው ይንዳ።” ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ለመነሣት የወሰደባትን ጊዜ ሦስቱም አዩ። ኮረኮንች እጁን ሲዘረጋ በክርኗ ገፋችው፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ደረጃው ከብዷት ትከሻውን ያዘች።

በመንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮረኮንች ጉድጓድ ሲያልፍ አላማረረም፤ እያንዳንዱን በዝግታ አለፈው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ከኋላ ሚስቱ ትንፋሿን ስትውጥ ይሰማል።

*

የኩላሊት ሐኪሟ አጭር፣ ችኩል ሴት ናት። ደም ቀዳች፣ ሽንት ተቀበለች፣ የአጥንት ፎቶ አዘዘች። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋን ብቻዋን ካላስገባሁ ብላ ነበር፤ ታማሚዋ “በረዶም ትግባ፣ ነገሩን የጀመረችው እሷ ናት” አለች። ባሏን አልጠራችውም። ኮሪደሩ ላይ ቀረ።

ሐኪሟ ፎቶውን መብራቱ ላይ ሰቀለችው። አከርካሪው ላይ በብል የተበላ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ነጥብ አለ። በላቦራቶሪው የታየው በደሟም ታይቷል። የመቅኔ ናሙና ሰኞ ይወሰዳል፤ ለስሙ ነው እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው አለች።

“ኩላሊቴስ?” አለች ልብስ ሰፊዋ።

“ግማሹን ያህል ተጎድቷል። ግማሹ ይሠራል።”

“ግማሹ ይበቃል?”

“ዛሬ ከጀመርን ሊበቃ ይችላል። እዚሁ ትተኛለሽ። ጥቂት ወር ቆይተሽ ብትመጪ ኖሮ የማወራሽ ስለ ኩላሊት እጥበት ነበር።”

“ቀደም ብዬ ብመጣስ ኖሮ?”

ሐኪሟ ወደ በረዶ ተመለከተች፤ መልሱን እሷ እንድትሰጥላት የፈለገች ትመስል ነበር። በረዶ ወለሉን አየች።

“የተሻለ ይሆን ነበር” አለች ሐኪሟ።

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች፣ ፈረመች፣ ጫማዋን አወለቀች። ሲወጡ ኮረኮንች ከአግዳሚው ተነሣ። የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ይዟል። እዚያ ቁጭ ብሎ ለዶክተሩ ደውሎ ነበር፤ ስለ ጠርሙሱም፣ ስለ ስኳሩም ተናግሯል። ዶክተሩ “ቁልፉን ለበረዶ ስጣት፤ የሥራህን ነገር ሰኞ እናወራለን” ብሎታል። ሰኞ ምን እንደሚባል አያውቅም።

ቁልፉን ለበረዶ ሰጣት። ሚስቱን ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

“ግማሹ ይሠራል አሉ” አለችው።

“ግማሹ?”

“ኩላሊቴ። አሁን አንተ ግባ። ደምህን ይዩልህ። የራስህን።”

“አሁን?”

“እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ አንተን ላስታምም ነው? ግባ አልኩ!”

ገባ። በሩ ተዘጋ።

ሁለቱ ሴቶች አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነርሷ አልጋ እስክታዘጋጅ መጠበቅ አለባቸው። በረዶ እንግሊዝኛ የበዛበትን የመድኃኒት ወረቀት አጣጥፋ ዘረጋች፣ አጣጥፋ ዘረጋች።

የልብስ ሰፊዋ ስልክ ጮኸ። ደንበኛ ናት፤ ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል። ቀሚሱ ለዛሬ አልተባለም ወይ? ሱቁስ ለምን ተዘጋ? እሑድ ሰርግ አለብኝ አላልኩሽም?

“ብለሽኛል፣ እህቴ።”

“ታዲያ መቼ ልምጣ? ማታ?”

“ማታ አልደርስም።”

“ነገ ጠዋትስ?”

“ነገም አልችልም። ሌላ ሰው ይጨርስልሽ፤ ቁልፉን ጎረቤቴ ትሰጥሻለች። እጅጌው ብቻ ነው የቀረው።”

“እንዴ! ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ የምታደርጊኝ?”

ልብስ ሰፊዋ ጀርባዋን ቀስ ብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

“ታምሜያለሁ” አለች።